ጎተራው ከተራራው ላይ ነው፦ ብሔራዊ ፓርክ ለሀገር ስላለው ጥቅም የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎችና የክብር እንግዶች፤

በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አሥር ሳንቲም ዋጋ የነበራትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ከረሜላ ልንገዛባት በላብ በራሰ መዳፋችን ጨብጠናት ስንሮጥ፣ በአንድ ገጽዋ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ገጽዋ ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ አጋዘን ነበረባት። አንበሳውን ሁላችንም እናውቀው ነበር። በወዲያኛው ገጽ ያለውን ግን ድኩላ ነው የሚለውም፣ ሚዳቋ ነው የሚለውም ነበር። ያ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው፤ ኒያላ የሚሉትም አሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም ስፍራ አይገኝም፤ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረውም ዘግይቶ በ1910 ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ እንስሳ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ለዓለም ሊቃውንት ሳይታወቅ መቆየቱ፣ መኖሪያው የሆነው ተራራ ምን ያህል የራቀ እንደ ነበር ያመለክታል። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በዚህ ንግግር የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተሰጠኝ ርእስ ብሔራዊ ፓርኮች ለሀገር ያላቸውን ጥቅም የሚመለከት ነው። በሀገራችን ያሉትን ፓርኮች አንድ በአንድ እየጠራሁ፣ በየአንዳንዳቸው የሚገኙትን አጥቢ እንስሳትና አእዋፍ እየቆጠርሁ ሰዓቱን መሙላት እችል ነበር። ይሁንና እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከመማሪያ መጻሕፍቶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሐሳቤን በአንድ ፓርክ ላይ፣ በባሌ ተራሮች ላይ አቆማለሁ፤ ሌሎቹን የማነሳቸው ነገሩ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

እንዲህ ባሉ መድረኮች ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው መሬት አጥቶ፣ ከብቱ ግጦሽ አጥቶ፣ ለቀበሮና ለፍልፈል ያን ሁሉ አገር መከለል ምን ይሉታል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ ተደርጎ ሲታለፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያዘንኩበትም ጊዜ ብዙ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ አርሶ አደር ወይም አርብቶ አደር ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ለሀገር የሚያዋጣው ነገር ካለ፣ ሀገር ደግሞ ለምን እንደ ተቀበለችው ልትነግረው ይገባል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያ ሰው መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

ከጎባ ከተማ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። የገብስ ማሳው ከኋላችን ይቀራል፤ ጥዱና ኮሶው ይከተላል፤ ኮሶው እየሳሳ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል፤ አስታውም እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ከጉልበት በታች ሲሆን ሳኔቲ አምባ ላይ ወጥተናል ማለት ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከአምባው ላይ የተነሳው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሌሊት ውርጩ የኩሬውን ፊት በስስ በረዶ ይሸፍነዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። እዚህም እዚያም ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ በጉም ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ የተከናነበ እረኛ ይመስላል። ከዛፍ ወሰን በላይ ያለ፣ እንዲህ ሳይቆራረጥ የተዘረጋ ሰፊ የውርጭ ምድር በአፍሪካ አህጉር ሌላ የለም።

እንግዳ ሰው ወደዚያ ሲወጣ ዓይኑ የሚፈልገው እንስሳ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ጎብኚዎችን መጀመሪያ መሬቱን እንዲረግጡ እጠይቃቸዋለሁ። በክረምት የሳኔቲ መሬት እንደ ራሰ ጋቢ ነው፤ ሲረግጡት ከጫማ ጥግ ውኃ ይወጣል። ሣሩ በጉብታ በጉብታ የተያዘ ነው፤ አፈሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት በብርድ ምክንያት ሳይበሰብስ በቆየ ሥርና ቅጠል የበለጸገ ነው። ከህንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ የሚመጣው ደመና በደቡቡ ገደል ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሆኖ ባይወርድ እንኳ በአስታው ቅርንጫፍ ላይ በተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ላይ ጤዛ ሆኖ ይያዝና ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ከዛፉ ሥር ቆሞ ላዳመጠ፣ ሰማዩ ሳይዘንብ ጫካው ውስጥ ይዘንባል። ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ጊዜ አይሄድም። ገበሬ በመኸር ወደ ጎተራ ያስገባውን እህል በአንድ ሳምንት እንደማይጨርሰው ሁሉ፣ ተራራውም በክረምት ያስገባውን ውኃ በበጋ በምንጭ በምንጩ እየሰፈረ ያወጣዋል።

ከዚህ ጎተራ ወይብ ይነሳል፤ ወደ ምሥራቅ ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ወልመልና ዱማል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ገናሌም ዋቢ ሸበሌም ከዚሁ ከባሌና ከአጎራባቾቹ ደጋዎች ይመገባሉ። በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት፣ በገናሌ ላይ የተሠራውና በ2020 የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ማመንጫ 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ዋቢ ሸበሌ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል አልፎ ሶማሊያ ይገባል። ከእነዚህ ተራሮች በሚወርደው ውኃ የሚኖረው ሰው፣ በኢትዮጵያም በጎረቤት ሀገሮችም ያለው ተደምሮ፣ ወደ 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሳኔቲ የሚባል አምባ መኖሩን ሰምተው አያውቁም። በቀላፎ ወንዝ ዳር በቆሎ የሚዘራ ሰው ውኃው ከየት እንደመጣ ብትጠይቁት፣ ከላይ ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ከላይ ነው።

ይህ አምባ ከአቅሙ በላይ ሲጋጥ፣ አስታው በየበጋው ሲቃጠል፣ አፈሩ በሰኮና ተጠቅጥቆ ሲደድር፣ የሚዘንበው ዝናብ አይቀንስም። የሚጠፋው የሚይዘው ነው። በክረምት ውኃው እንደመጣ ይወርድና ቆላውን በጎርፍ ያጥለቀልቃል፤ በበጋ ደግሞ ያው ወንዝ አሸዋ ሆኖ ያድራል። የቆላው ሕዝብ በአንድ ዓመት ውስጥ በጎርፍም በጥምም ሲጎዳ፣ አንዱን ለመጋቢት ሌላውን ለነሐሴ አስልቶ የላከ ክፉ ዕድል ይመስለዋል፤ ሁለቱም ግን የአንድ ተራራ መራቆት ውጤቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ብሔራዊ ፓርክ ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የመጀመሪያው መልሴ አጋዘኑና ቀበሮው አይደሉም። መልሴ ውኃ ነው።

ታዲያ እንስሳቱስ? ወደ እነርሱ የምመጣው ከዚሁ ከመሬቱ ሳልወጣ ነው። በባሌ ብቻ የሚገኝ አንድ ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ አንድ ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ እያለ፣ ወገቡ ከአፈሩ ሳይወጣ በጥርሱ ሣር ይለቅማል፤ ከዚያ ወደ ኋላው ይሸሻል። ጉድጓዱን ሲቆፍር አፈሩን ይገለብጣል፤ ሣሩን ወደ ውስጥ ሲጎትት አፈሩን ያዳብራል፤ ዋሻው ደግሞ ዝናቡ ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ይሆናል። ይህን ሥራ ማንም ሳይቀጥረው በአምባው ላይ ሲሠራ ይኖራል። እርሱን የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀበሮው ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ፣ አንድ እግሩን እንዳነሳ ድርቅ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ጠዋት በዚህ ሁኔታ የቆመ ቀበሮ ሳይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቻለሁ፤ እኔ እግሬን ሁለት ሦስት ጊዜ ስቀያይር እርሱ ፍንክች አላለም። አንዳንድ ጊዜ በሚግጡ ከብቶች መካከል ተደባልቆ፣ በእነርሱ ተከልሎ ሲያድን ይታያል። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ጀደላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው፤ ባዝራ ስትወልድ እንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል ስለሚባል የወጣ ስም ነው። ይህ ስም ብቻውን ሰው፣ ከብትና አውሬ በዚያ አምባ ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደ ኖሩ ይመሰክራል።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ሲሆን፣ በሁሉም ስፍራ ያለው ተደምሮ ከ500 ያንሳል፤ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ነው። ይህን ቁጥር በዚህ አዳራሽ ካለው ሰው ጋር እያነጻጸራችሁ አስቡት። እርሱን ከሁሉ በላይ የሚያጠፋው ጠመንጃ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኞች መንጋቸውን ለመጠበቅ ይዘዋቸው የሚወጡ ውሾች በሽታውን ያስተላልፉበታል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በባሌ የደረሱት ወረርሽኞች አንዳንዱን ሸለቆ ባዶ ሊያደርጉት ተቃርበው ነበር። የተገኘው መፍትሔ ለዚህ ንግግር ትልቅ ትምህርት አለው፤ ቀበሮውን ለማዳን መጀመሪያ የተከተቡት የመንደሩ ውሾች ናቸው። ውሻው ሲከተብ የእረኛው ልጅም ከእብድ ውሻ ንክሻ ሞት ይድናል። የአውሬውና የሰውየው ጥቅም በአንድ መርፌ የተገናኘበት እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሰውና ይህ አምባ የተዋወቁት ደግሞ ትናንት አይደለም። ፊንጫ ሀበራ በሚባል የባሌ ዋሻ ውስጥ የተደረገ ቁፋሮ በ2019 ውጤቱ ሲገለጽ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደ ነበር አሳይቷል። በዚያ ዘመን ከበላያቸው ያለው ተራራ የበረዶ ግግር ነበረበት። ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎቻቸው፣ የእሳታቸው አመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠብሰው የበሉት የዚያው የግዙፉ ፍልፈል አጥንት ተገኝቷል። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሰው ልጅ ስለ መኖሩ እስካሁን ከተገኙት ማስረጃዎች መካከል ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህን የማነሳው ለትምክህት አይደለም። ፓርክ ማለት ሰው የማያውቀው፣ ሰው ያልነካው ምድር ነው የሚል አስተሳሰብ ከሌላ ሀገር የመጣ ስለሆነና፣ በዚያ አስተሳሰብ የተነሳ ብዙ ስህተት ስለ ተሠራ ነው።

በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው በአሜሪካ በ1872 የተከለለው የሎውስቶን ነው። ወደ እኛ አህጉር የገባው ሥርዓትም በአመዛኙ የዚያን አርአያ የተከተለ ነው፤ መሬቱን ከልል፣ ሰዉን አስወጣ፣ ዘበኛ አቁም። በሀገራችንም በ1960ዎቹ አጋማሽ አዋሽ፣ ሰሜንና ኦሞ፣ በ1970 ደግሞ ባሌ ሲቋቋሙ ይኸው አካሄድ ነበር። የባሌው ታሪክ አንድ ሌላ ጉድለት አለበት። ፓርኩ በ1970 ተቋቋመ ቢባልም ወሰኑ በሕግ የጸናለት በ2014 ነው። አርባ አራት ዓመት! በተቋቋመበት ዓመት የተወለደ ልጅ ጎልምሶ የልጆች አባት እስኪሆን ድረስ፣ ፓርኩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በሕግ አልተወሰነም ነበር። በዚያ መካከል በአምባው ላይና ከአምባው በስተደቡብ ባለው በሐረና ጫካ ውስጥ መንደሮች ተመሥርተዋል፣ ማሳ ተመንጥሯል፣ የቀድሞው ጎዳንቱ የሚባለው ሥርዓት፣ ማለትም ከብቱን በወቅት በወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ እያዘዋወሩ ሣሩን የማሳረፍ ልማድ፣ ወደ ቋሚ ሰፈራ እየተለወጠ መጥቷል። ያንን ሰው ዛሬ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ሕጉ ራሱ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን መናገር ግን ግዴታችን ነው። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስታችን ትልቅ ነበር፤ የእኔም ደስታ እንዲሁ ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ ያን የአርባ አራት ዓመት ሒሳብ አላወራረደልንም።

ስለ ሰሜን ተራሮችም አንድ ነገር ልበል። ሰሜን በ1978 ዓለም የቅርስ መዝገብ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ሆኖ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የገባ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። የወጣበት አንዱ ምክንያት በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር መነሳቱ ነው፤ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደዋል። ዋልያው ግጦሹ ተመልሶለታል። የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ ለብሰን «ዋልያዎቹ» እያልን የምንጮኽ ሁላችን፣ ያ ስም በሕይወት እንዲኖር ቤቱን ለቅቆ የወረደ ገበሬ እንዳለ ልናውቅ ይገባል። ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው በከተማ ዳር ምን ሠርቶ ይበላል የሚለው ጥያቄ፣ ካሳው ከተከፈለም በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚቀጥል ጥያቄ ነው።

ሌላ መንገድ ግን ነበረን፤ አሁንም አለን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም ይኖሩበታል፤ ከእርሱ የሚነሳው ውኃ ከፊሉ ወደ አባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ይህን ደጋ የጠበቀው መጀመሪያ መንግሥት አይደለም። በአስቦና በጌራ ስም የሚጠሩት የአቅኚዎቹ ዘሮች ነን የሚሉ ባለ ርስቶች፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመታት ገደማ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ በአንድ ጊዜ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም አያጭድም። ሲደርስ፣ ሽማግሌዎቹ በቦታው ተገኝተው ካዩት በኋላ፣ ቀኑ ለሕዝብ ይነገርና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይሆናል፤ ዝናብ የማያስገባ ገሳ ይሆናል። በጓሳ የተከደነ ቤት ዕድሜው ረጅም መሆኑን በመንዝ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሥርዓቱ በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር ፈረሰ፤ ደጋውም ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ያው ሕዝብ፣ አሁን ርስት ያለውንም የሌለውንም አካትቶ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ እንደገና አቋቋመው። ከጓሳ የምማረው ጥበቃ ሁልጊዜ ክልከላ አለመሆኑን ነው። የመንዝ ሰው ደጋውን የጠበቀው ማጭድ የሚያስገባበት ቀን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነበር።

የእረፍት ሰዓት ላይ ቡና ትጠጣላችሁ፤ ስለ ቡናም ሳልናገር አላልፍም። ከሳኔቲ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኘው የሐረና ጫካ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከትላልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቀላል፣ ከሥራቸው ቡና ይለቀማል። ይህ ለሀገር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ወደ 1971 እንመለስ። በዚያ ዓመት የቡና ፍሬን በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁር በሽታ በሀገራችን ታየ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከውጭ ብቻ አልፈለጉም፤ በደቡብ ምዕራቡ ጫካና በገበሬው ጓሮ እየዞሩ በሽታው በወረደበት ስፍራ ሳይነካ የቆመውን ዛፍ ለዩ። 74110 እና 74112 የሚባሉትን ዝርያዎች ቡና የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የዚያ ፍለጋ ፍሬዎች ናቸው። ጫካው ባይኖር ኖሮ ዛፉ አይኖርም ነበር። ነገ የሚመጣውን በሽታ ወይም ሙቀት የሚቋቋመው ቡና የትኛው ጫካ ውስጥ እንዳለ ዛሬ ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ስለዚህም ነው በዱር የሚበቅለውን ቡና ከነጫካው ማኖር የሚገባን።

የፓርክ ወሰን ግን ብቻውን ፓርክን አያድንም። ለዚህ የአብጃታ ሐይቅ ምስክር ነው። አብጃታ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ውኃውን የሚያገኘው ግን በአመዛኙ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ነው፤ የዝዋይም ውኃ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ነው። ከላይ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከሐይቁም ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚውለው ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ፣ አብጃታ እየሸሸ ሄደ። ቀድሞ ማዕበሉ ይመታበት የነበረ ዳርቻ ዛሬ ነጭ ጨው የለበሰ ሜዳ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ዓይን ይለበልባል። ፔሊካኖች በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ወደ አብጃታ እየበረሩ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡትን ከሩቅ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉዳቱ በአመዛኙ የደረሰው ከወሰኑ ውጭ በተወሰነ ውሳኔ ነው። የአርባ ምንጭ ሰው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ በየቀኑ ያየዋል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጫካ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከተማዋም የምትጠጣው ከእነርሱ ነው። የዚያ ጫካ እንጨት ለማገዶ ሲወጣ የሚቆረጠው የቧንቧው ሥር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጠያቂ ልመለስ። የፓርክ ጥቅም ለብዙዎች ይዳረሳል፤ ወጪው ግን በጥቂቶች ትከሻ ላይ ያርፋል። በሳኔቲ ግጦሽ የተከለከለው እረኛ ኤሌክትሪክ ላይኖረው ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ግን እርሱ ካላስጋጠው መሬት ከሚወርድ ውኃ ይመነጫል። ገብሱን አሳማ የጨረሰበት ገበሬ፣ በጉን ጅብ የበላበት ሰው፣ ለቱሪስት ፈረስ ካላከራየ በቀር ከፓርኩ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ይህን ሒሳብ የተረዱ ሀገሮች አሉ። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ጉብኝት ከምታገኘው ገቢ ከ2005 ጀምሮ አምስት በመቶውን፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ አሥር በመቶውን በፓርኮቹ ዙሪያ ላለው ሕዝብ ትሰጣለች፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቶበታል። ኮስታ ሪካ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ከነዳጅ ላይ ከምትሰበስበው ግብር ላይ ቀንሳ፣ ደኑን ሳይነካ ላቆየ ባለ መሬት፣ ውኃ ስለ ጠበቀ፣ አየር ስለ አጠራ ብላ ትከፍለዋለች።

የእኛ ሀብት ከቱሪስት ይልቅ ውኃው ስለሆነ፣ የሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይስማማናል ብዬ አምናለሁ። በተራራው ውኃ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ሽያጭና በተፋሰሱ ካሉ ትላልቅ መስኖዎች ክፍያ ላይ ትንሽ ድርሻ ተነስቶ፣ በስሙ ተመዝግቦ፣ ለባሌ ደጋ ነዋሪዎች በየዓመቱ ቢደርስ፣ ግጦሹን ለማሳረፍ የሚስማማ ቀበሌ ያረፈበትን ዓመት ዋጋ ያገኛል። ክፍያው ለቀበሌው ይሁን ወይስ ለአባወራው፣ ከብት በሌለውና መቶ ከብት ባለው መካከል እንዴት ይከፋፈል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም የጓሳ ሽማግሌዎች ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ በጀት ፈትተውታል። ከዚሁ ገንዘብ መጀመሪያ ሊታሰብላቸው የሚገባቸው ደግሞ ስካውቶቹ ናቸው። ስካውት የምንለው የፓርክ ጠባቂ በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ሰደድ እሳት ሲነሳ የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጦ በእጁ እየመታ የሚያጠፋ፣ ሕገ ወጥ ግጦሽ ሲያገኝ ከገዛ አጎቱ ጋር የሚጋጭ ሰው ነው።

ባለፈው ጊዜ ወደ ሳኔቲ ስንወጣ አብሮን የነበረው ስካውት በዕድሜ ትልቅ ሰው ነበር። የዝናብ ልብሱ ትከሻው ላይ ተቀዶ በላስቲክ ታስሯል። ከከብቶች ጋር የቆሙ ሁለት ልጆች ሲያይ ጠራቸውና ውሻቸው ተከትቦ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ትልቁ ልጅ አዎ አለ፤ ወረቀቱ ቤት ነው አለ። «ወረቀቱን ለእናትህ ንገራት፣ ከሣጥን ታስቀምጠው» አለውና መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ እንደ ሄድን ቆም ብሎ ወደ ምሥራቅ አመለከተን፤ ከጉብታዎቹ ሥር የሚወጣ፣ እጅ የማይሞላ ቀጭን ውኃ ነበር። «ይሄ ወይብ ይገባል» አለን።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።